ኮንትሮል ቲዎሪ አላበቃለትም፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ባለፉት ሁለት ሳምንታት አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ ሲዘዋወር ሰነበተ። «ኮንትሮል ቲዎሪ እንደ ምርምር ዘርፍ አብቅቶለታል፤ ወጣቱ ዕድሜውን አይፍጅበት» ይላል ባጭሩ። ኮንትሮል ቲዎሪ ማለት ማሽንም ሆነ ሌላ ሥርዓት ራሱን እያረመ በምንፈልገው ልክ እንዲቆይ የማድረግ ጥናት ነው። ስድስት ሰዎች ላኩልኝ። ሰባተኛው የማማክረው የማስተርስ ተማሪ ነው። እሱ ግን አሳትሞ፣ ግማሹን በእስክሪብቶ አስምሮበት፣ ቢሮዬ ድረስ ይዞት መጣ። «መምህር፣ ርእሴን ብቀይር ሳይሻል አይቀርም» አለኝ። ርእሱ የውኃ ኃይል ማመንጫ ተርባይን ገቨርነር (የተርባይኑን ፍጥነት የሚያስጠብቅ መቆጣጠሪያ) ነው፤ አሥር ወር ደክሞበታል። ለእሱ በቃል የመለስኩለትን ለሌሎቹም በጽሑፍ ላድርሰው ብዬ ነው የተነሣሁት።

ጸሐፊውን በአካል አላውቃቸውም። ጽሑፋቸው ግን የሰነፍ ሥራ አይደለም፤ ዘርፉን ቀምሰው የተዉት ሰው ይመስላሉ። አምስት ነገር ይላሉ፤ ሳላጣምም ላስቀምጠው። አንደኛ፣ መሠረታዊዎቹ ጥያቄዎች እስከ 1960ዎቹ ተመልሰው አልቀዋል፤ ፋብሪካውን ሁሉ የሚነዳው ፒ.አይ.ዲ. የሚባለው የቆየ የማረሚያ ስልት ነው፤ የቀረው ወረቀት ማምረት ነው። ሁለተኛ፣ ማንኛውንም ሲስተም በሚሠራበት ነጥብ ዙሪያ ሊኒየር (ግፊቱ እጥፍ ሲሆን ምላሹም እጥፍ የሚሆንበት) አድርጎ መያዝ ስለሚበቃ፣ ከዚህ ሕግ የሚወጣውን የሚያጠናው ነን-ሊኒየር ሂሳብ ለመሐንዲስ አይጠቅምም። ሦስተኛ፣ ኬኦስ የሚባለው ግኝት ብዙ የተፈጥሮ ሥርዓቶች እንደማይተነበዩ አሳይቷል፤ የማይተነበይ ደግሞ አይገራም። አራተኛ፣ ኒውራል ኔትወርክ የሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት እየሞከረ ስለሚማር እኩልታም ሆነ የመረጋጋት ማረጋገጫ አያሻም። አምስተኛ፣ እንደኛ ላለ አገር ይህ ሁሉ ቅንጦት ነው። (ዓመታቱን፣ ለይቼ ካልጠቀስኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው።)

ስለ ፒ.አይ.ዲ. የተናገሩት እውነት ነው። ስሕተትን በአሁን መጠኑ፣ በተጠራቀመው ድምሩና በሚለወጥበት ፍጥነት አይቶ የሚያርመውን ይህን ስልት ኒኮላስ ሚኖርስኪ በ1922 የመርከብ መሪን ሲያጠና በሂሳብ ተነተነው፤ ዚግለርና ኒኮልስ በ1942 ያወጡት የማስተካከያ ደንብ ዛሬም ይሠራበታል። ለወረቀትነቱ ብቻ የሚጻፍ ወረቀት መብዛቱንም አልክድም። እኩልታው ላይ አንድ ተርም ጨምሮ፣ ኮምፒውተር ላይ አንድ ኩርባ አሥሎ በዚያው የሚቀር ሥራ ለግምገማ በየጊዜው ይደርሰኛል።

«በ1960ዎቹ አለቀ» የሚለው ግን ከታሪኩ ጋር አይገጥምም። በዚያን ጊዜ የመጨረሻው መልስ ተደርጎ የተወሰደው፣ ካልማን በ1960 ያወጣውን ፊልተር (ከተዛባ ልኬት ትክክለኛውን ሁኔታ የሚገምት ስሌት) ከኦፕቲማል ፊድባክ (ውጤቱን እያየ በተሻለው መንገድ ከሚያርም ስልት) ጋር ያጣመረው ዘዴ ነበር። ሞዴሉ ጥቂት ቢሳሳት ይህ ዘዴ ምን ያህል የተረጋገጠ መጠባበቂያ አለው? ጆን ዶይል በ1978 መለሰው። የወረቀቱ አኅጽሮት በእንግሊዝኛ ሦስት ቃል ብቻ ነው፤ ወደኛ ሲመለስ «ምንም የለውም» ይሆናል። ሮበስት ኮንትሮል የሚባለው ትልቅ ዘርፍ የገነነው ከዚያ ወዲህ ነው። ከሂሳቡ በኩልም ብንመጣ፣ ሂልበርት በ1900 ካነሣቸው ጥያቄዎች የ16ኛው ሁለተኛ ክፍል ዛሬም ክፍት ነው፦ ሁለት ተለዋዋጭ ብቻ ያላቸው፣ ከሁለተኛ ዲግሪ የማያልፉ እኩልታዎች ቢበዛ ስንት ሊሚት ሳይክል (ብቻውን ቆሞ ራሱን የሚደግም ዙር) ሊይዙ ይችላሉ? አራት የያዙ ተገኝተዋል። ከአራት እንደማይበልጡ ያረጋገጠ የለም።

ሊሚት ሳይክልን ካነሣሁ አይቀር በጣቴ የዳሰስኩትን ልናገር። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ በተቀጠርኩበት ፋብሪካ የአንድ መስመር ሙቀት በየአራት ደቂቃው ከፍ ዝቅ ይል ነበር፤ ለወራት። ሦስት መሐንዲሶች ፒ.አይ.ዲ.ውን በየተራ አስተካክለዋል። ጌይኑን (ለስሕተት የሚሰጠውን ምላሽ መጠን) ሲቀንሱት መዋዠቁ ይዘገያል እንጂ አይጠፋም። አንድ የማታ ፈረቃ ላይ ጓንት አድርጌ ጣቴን የእንፋሎት ቫልቩ ዘንግ ላይ አሳረፍኩ። ወደ ቫልቩ የሚሄደው ትእዛዝ ቀስ እያለ ይጨምራል፤ ዘንጉ ድንጋይ ነው። አሁንም ይጨምራል፤ አሁንም ድንጋይ ነው። ከዚያ በድንገት ከጥፍር ውፍረት የማይበልጥ ዝላይ ይዘልና መልሶ ይደርቃል። ዘንጉን የሚያቅፈው ፓኪንግ ከልክ በላይ ጠብቆ ነበር።

በሊኒየር ሂሳብ የመዋዠቅ ስፋት የሚወሰነው በመነሻው ነው፤ ብዙ ገፍተህ ከለቀቅከው ብዙ ይዋዥቃል። ይኼኛው ግን ብትገፋውም ብታቆመውም ወደዚያችው ስፋትና ወደዚያችው አራት ደቂቃ ይመለሳል። ደረቅ ሰበቃና ስሕተትን የሚያጠራቅም ኮንትሮለር ሲገናኙ የሚወለድ ነገር ነው። ፓኪንጉ ሲቀየር በዚያው ሌሊት ቆመ። ሦስቱ መሐንዲሶች ከእኔ የበለጠ ልምድ ነበራቸው፤ ያሳታቸው ሥራ አለማወቅ ሳይሆን ጸሐፊው «ይበቃል» ያሉት ትምህርት ነው። ያ ትምህርት መዋዠቅ ሲያይ የሚጠረጥረው ቁጥሮቹን ብቻ ነው።

ይህ ወደ ሁለተኛው ነጥብ ያመጣኛል። ሊኒየር ማድረግን እኔም አንድ ሴሚስተር ሙሉ አስተምረዋለሁ፤ አብዛኛው ነገር በዚያ ይሠራል። ይሁንና «በነጥቡ ዙሪያ ሊኒየር አድርጎ መሥራት ይቻላል» የሚለው ፈቃድ የተገኘው ከነን-ሊኒየር ቲዎሪ ነው። አሌክሳንደር ሊያፑኖቭ በ1892 ባቀረበው የዶክትሬት ሥራው ነው ሊኒየር የሆነው ምስል በጽኑ ከተረጋጋ ትክክለኛው ሲስተምም በነጥቡ አቅራቢያ እንደሚረጋጋ ያረጋገጠው። «አቅራቢያ» ስንት ክንድ እንደሆነ ግን ያ ቲዎረም አይነግርህም። ያንን ለማወቅ ተመልሰህ ወደ ነን-ሊኒየሩ መግባት አለብህ።

የኤሌክትሪክ ምጣድን እንይ። ሊኒየሩ ሂሳብ ምጣዱ ሲቀዘቅዝ ኃይል ጨምር፣ ከልኩ በላይ ሲግል ደግሞ ኃይል ቀንስ ይልሃል፤ በጣም ሲግል ከዜሮ በታች ውረድ ይላል። ከዜሮ በታች ኤሌክትሪክ የለም። ማጋያ እንጂ ማቀዝቀዣ ቁልፍ የሌለው ዕቃ ነው፤ ሲወጣ በኮረንቲ፣ ሲወርድ በራሱ ጊዜ። እንጀራ ጋጋሪዋ ይህን ታውቃለች፤ ምጣዱ ከጋለባት በቁልፍ ብቻ አትሟገትም፤ እርጥብ ጨርቅ ታሳርፍበታለች ወይም ትጠብቀዋለች። ከልኩ የማያልፍ ሞተር፣ ከሙሉ መከፈት በላይ የማይከፈት ቫልቭ፣ ከተወሰነ ፍጥነት በላይ የማይታጠፍ የአውሮፕላን ክንፍ፣ ሁሉም እንደዚሁ ናቸው።

የአውሮፕላኑ ነገር የከፋ ነው። ስዊድን የሠራችው ግሪፐን የተባለ ተዋጊ ጀት ያለ ኮምፒውተር በአየር ላይ ሊረጋ የማይችል ተደርጎ የተነደፈ ነው። የመጀመሪያው ናሙና በየካቲት 1989 ሊንሾፒንግ ላይ ሲያርፍ ተገለበጠ። በነሐሴ 1993 ሌላ ግሪፐን ስቶክሆልም መሀል፣ በዓል ሊያይ በወጣ ሕዝብ ፊት ወደቀ። አብራሪው በሁለቱም ጊዜ ያው ሰው ነበር፤ ሁለቱንም ተርፏል። የስቶክሆልሙ አደጋ እንዲህ ነው፦ አብራሪው መሪውን በፍጥነትና በሰፊው ሲያንቀሳቅስ የመቆጣጠሪያ ክንፎቹ ከፍጥነታቸው ጣሪያ ደረሱ። ጣሪያው ላይ የደረሰ ክንፍ የታዘዘውን ይሠራል፣ ግን ዘግይቶ ነው። አብራሪው ይህን ለማረም ሲል ይበልጥ ይጎትታል፤ መዘግየቱም ይበልጥ ይሰፋል። በትንንሽ እንቅስቃሴ ያ አውሮፕላን የተረጋጋ ነበር፤ በትልቁ አልነበረም። በኋላ የዳነውም መዘግየቱን እንዲያካክስ ተደርጎ በተሻሻለ ኮንትሮል ነው፤ ከነን-ሊኒየር ጥናት በወጣ መፍትሔ።

ለዚህ ክርክር ከመሐንዲስ ይልቅ የሂሳብ ሰው ምስክር የሚሻ ካለ፣ አይዘርማን በ1949፣ ካልማን በ1957 ሁለት ግምት ሰንዝረው ነበር። ሲስተሙ በየሊኒየር ጌይኑ ሁሉ ከተረጋጋ ነን-ሊኒየር ሆኖም ይረጋጋል የሚል ነው መንፈሳቸው። የጸሐፊውን ሐሳብ በታላላቆቹ አፍ እንደመስማት ነው። ሁለቱም ሐሰት ሆነው ተገኙ።

ሦስተኛው ነጥብ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ሁለት ነገር ተቀላቅሎባቸዋል። ኤድዋርድ ሎሬንዝ በ1961 የአየር ሁኔታ ሞዴሉን ከመሀል ሲያስጀምረው 0.506127 የሚለውን ቁጥር 0.506 ብሎ አስገባ፤ ውጤቱ ከቀድሞው ጋር ጥቂት አብሮ ሄዶ ፈጽሞ ተለያየ። ይህ የሚነግረን ሳትነካው ብትተወው ሩቅ መተንበይ እንደማትችል ነው። ፊድባክ ግን የሩቅ ትንቢት አይጠይቅም፤ በየቅጽበቱ እያየህ ታርማለህ። መጥረጊያ በመዳፉ ላይ ሽቅብ አቁሞ የሚጫወት ልጅ መጥረጊያው ከአንድ ደቂቃ በኋላ ወዴት እንደሚያዘነብል አያውቅም፤ ግን አይጥለውም። እንዲያውም ትንሽ ነገር ትልቅ ለውጥ የሚያመጣ ከሆነ፣ ትንሽ ነዳጅም ትልቅ ጉዞ ያስኬዳል። አይ.ኤስ.ኢ.ኢ.-3 የተባለችው መንኮራኩር በ1978 ፀሐይና ምድር በሚመዛዘኑበት ነጥብ አካባቢ እንድትቀመጥ ተላከች። በ1982 ከዚያ ተነሥታ፣ በጨረቃ አጠገብ ደጋግማ እያለፈች፣ በመስከረም 1985 የጂያኮቢኒ-ዚነርን ኮሜት ጅራት ሰንጥቃ አለፈች። ኮሜት የጎበኘች የመጀመሪያዋ መንኮራኩር እሷ ናት። መንገዱን ያገኙላት ያን ለትንሽ ንክኪ ቶሎ የሚመልስ የሦስት አካላት ስበት ተጠቅመው ነው። ኦት፣ ግሬቦጂና ዮርክ ደግሞ በ1990 ኬኦስን በጥቃቅን ግፊት መግራት እንደሚቻል በሂሳብ አሳይተዋል።

አራተኛው ነጥብ ዋናው ነው፤ ተማሪዬም በእስክሪብቶ አስምሮበት የመጣው እሱን ነው። መጀመሪያ የሚሰጠውን ልስጥ። በ2023 የዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ስዊፍት ብለው የሰየሟት ድሮን በሩጫ ውድድር የሰው ሻምፒዮኖችን አሸንፋለች። የበረራ ውሳኔዋን የሰጠው በማሠልጠን የተገኘ ኒውራል ኔትወርክ ነው። በ2022 ደግሞ ሎዛን ባለው ቶካማክ (የኑክሌር ውሕደት ምርምር መሣሪያ) ውስጥ ፕላዝማን፣ ማለትም እጅግ የጋለውን ጋዝ፣ የሚይዙትን ማግኔቶች የተማረ ኔትወርክ ሲያዝዝ ታይቷል። እነዚህ ትልቅ ሥራዎች ናቸው፤ አሳንሼ አላያቸውም።

ስዊፍትን ግን ከፍተን እንያት። ድሮኗ የት እንዳለች የምታውቀው የካሜራዋን ግምት ካልማን ፊልተር እያጣራላት ነው። ኔትወርኩ የሚያወጣው ትእዛዝ «ይህን ያህል ግፊት፣ ይህን ያህል የመዞር ፍጥነት» የሚል ነው፤ አራቱን ሞተሮች በየቅጽበቱ አዝዞ ያንን ፍጥነት የሚያስጠብቀው ከሥር ያለ የተለመደ ኮንትሮለር ነው። የሠለጠነችውም በእንቅስቃሴ እኩልታ በተሠራ ሲሙሌሽን ውስጥ ነው። እኩልታው አልተባረረም፤ ማሠልጠኛ ሜዳ ሆነ። የአሮጌው ቲዎሪ ፍሬ ከላይም ከታችም ይዟታል።

«ራሱን ያስተካክላል፣ ብዙ ጊዜ ተሞክሯል፣ ማረጋገጫ ምን ያደርጋል» የሚለውን ሐሳብም ከዛሬ በፊት ሰምተነዋል። ኤክስ-15 ከተባሉት የአሜሪካ ሮኬት አውሮፕላኖች ሦስተኛው፣ በራሱ ጌይን የሚያስተካክል ኤም.ኤች.-96 የተባለ ኮንትሮለር ነበረው። አሠራሩ ብልሃት ያለው ነው፦ ጌይኑን ሊዋዥቅ እስኪል ከፍ ያደርግና መዋዠቁን ሲያሸት ዝቅ ያደርጋል። ከስድሳ በላይ በረራ በሰላም በረረ። ኅዳር 15 ቀን 1967 ማይክል አዳምስ ሲያበርረው በከፍታ ላይ አቅጣጫው ተዛነፈ፤ ከድምፅ አምስት እጥፍ በሚሆን ፍጥነት ተሽከረከረ። ከሽክርክሪቱ እንኳ ወጥቶ ነበር። ከዚያ ግን ኮንትሮለሩ ሊሚት ሳይክል ውስጥ ገባ፤ ጌይኑንም መቀነስ ሲገባው አልቀነሰም። አውሮፕላኑ አየር ላይ ተበታተነ፤ አዳምስ ሞተ። ከስድሳ በላይ ስኬት ያ ሁኔታ ሲመጣ ምን እንደሚሆን አልተናገረም ነበር፤ ምክንያቱም አንዱም እዚያ አልደረሰም።

እዚህ ላይ ጸሐፊው «ማረጋገጫም ያታልላል» ቢሉኝ ልክ ናቸው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሮርስና ባልደረቦቹ፣ በወረቀት ላይ መረጋጋታቸው የተረጋገጠላቸው ራስ-አስተካካይ ስልቶች፣ ሞዴሉ የዘለለው ጥቂት ፈጣን እንቅስቃሴ ሲኖር ሊፈርሱ እንደሚችሉ አሳይተዋል። ለዘርፉ መራራ ነበር። ሆኖም ስሕተቱ ሊገኝ የቻለው ማረጋገጫው ግምቱን በጽሑፍ ስላስቀመጠ ነው። «ይህ ከሆነ ያ ይሆናል» የሚል ዓረፍተ ነገር ሌላ ሰው መጥቶ «ይህ ባይሆንስ?» ብሎ ሊጠይቀው ይችላል፤ ጥያቄውም ቀጣዩን አሥር ዓመት ምርምር ወለደ። «ሞከርነው፣ ሠራ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር የት ላይ እንደምትይዘው አታውቅም።

ሊያፑኖቭ የሰጠን መሣሪያ ይኸው ነው። እኩልታውን ሳትፈታ፣ እንደ ኃይል መጠን ያለ አንድ ቁጥር ፈልግ፤ ሲስተሙ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ያ ቁጥር የሚቀንስ ከሆነ፣ በገበቴ ውስጥ እንደ ተለቀቀ ኳስ መጨረሻው ከታች ነው። የገበቴው ከንፈር ደግሞ ድንበርህን ያሳይሃል፤ እስከዚህ ድረስ ብትገፋኝ እመለሳለሁ፣ ከዚህ ካለፍክ ዋስ የለኝም። ዛሬ ተመራማሪዎች ኒውራል ኔትወርኩን ራሱን ይህን ገበቴ እንዲፈልግ ያሠለጥኑታል፣ ያገኘውንም በሂሳብ ይፈትሹታል። ጸሐፊው አሮጌና ተተኪ ያደረጓቸው ሁለት ነገሮች አንድ ላይ እየሠሩ ነው።

ማንም አልጎሪዝም ሊሻገረው የማይችል ወሰን መኖሩንም ጽሑፉ አላነሣም። ቦዴ እንዳሳየው ፊድባክ በአንድ የድግግሞሽ ክልል ረብሻን ሲቀንስ በሌላው ይጨምራል። ውኃ የሞላ ፌስታል በአንድ ወገን ብትጫነው በሌላው ወገን እንደሚያብጠው ነው። ኮንትሮለሩ ሦስት ቁጥር ይሁን መቶ ሚሊዮን ቁጥር፣ ሊኒየር በሆነበት አካባቢ ሁሉ ይህ ይገዛዋል።

አሁን ቅንጦት ወደ ተባልንበት እንምጣ። የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። 13 ተርባይኖች፣ በድምሩ 5,150 ሜጋ ዋት፤ አንዱ ተርባይን ብቻ ወደ 400 ሜጋ ዋት ይጠጋል። ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ኬንያ ሱስዋ የሚደርስ 1,045 ኪሎ ሜትር የ500 ኪሎ ቮልት ዲሲ (በአንድ አቅጣጫ የሚፈስ ኮረንቲ) መስመር አለን፤ እስከ 2,000 ሜጋ ዋት መሸከም ይችላል። ዲሲ በመሆኑ የአንዱ ወገን ኔትወርክ ፍሪኩዌንሲ ሲወርድ ሌላው ወገን በተፈጥሮ አይሰማውም፤ እንዲሰማው ከተፈለገ ሰው በኮንትሮል ሕግ ማዘዝ አለበት። አዳማና አሸጎዳ የነፋስ ኃይል አለ፤ ነፋስ ደግሞ መጣሁ ሄድኩ ሳይል ነው የሚመጣውና የሚሄደው። ይህ ሁሉ አንድ ላይ በ50 ኸርዝ መቆም አለበት።

አንድ ትልቅ ተርባይን በድንገት ቢወጣ የቀሩት ጎደሎውን መሙላት ይኖርባቸዋል። እንዴት? ገቨርነሩ የውኃ ማስገቢያውን በር ይከፍታል። እዚህ ላይ ነው ተፈጥሮ ወጥመድ ያስቀመጠችው። በፔንስቶኩ (ውኃውን ወደ ተርባይኑ በሚያወርደው ቱቦ) ውስጥ ያለው ውኃ ከባድ ነው፤ በሩ ሲከፈት ወዲያው አይፈጥንም። ቀዳዳው ሰፋ፣ ውኃው ግን በነበረበት ፍጥነት ነው፤ ስለዚህ ተርባይኑ ጋ ያለው ግፊት ይወርዳል፣ ኃይሉም አብሮ ይወርዳል። ንጹሑ የመማሪያ ሞዴል እንደሚለው በሩን በቅጽበት 1 በመቶ ብትከፍት ኃይሉ መጀመሪያ 2 በመቶ ይቀንሳል፣ ከዚያ ተመልሶ ወደ 1 በመቶ ጭማሪ ይወጣል። ቸኩሎ የሚያርም ኮንትሮለር መቀነሱን አይቶ በሩን ይበልጥ ይከፍታል፤ ይበልጥ ይቀንሳል። የቸኮለው ፒ.አይ.ዲ. ይሁን ኒውራል ኔትወርክ ውኃው ደንታ የለውም።

አዎ፣ ለዚህ የቆየ መድኃኒት አለ። ገቨርነሩን ለጥቂት ሰከንድ እንዲታገሥ የሚያደርገውን ማካካሻ ከእኔ በፊት የነበሩት መሐንዲሶች በሚገባ ያውቁታል፤ ጸሐፊውም «የተፈታ ነው» ሲሉ እሱን አስበው ይሆናል። ነገር ግን ያ ትዕግሥት ስንት ሰከንድ ይሁን የሚለው በውኃው ከፍታና በሚፈሰው መጠን ይለወጣል። ክረምት ላይ ሐይቁ ሲሞላ የተስተካከለ ቁጥር በልግ ላይ ያው አይደለም። አንድ የውኃ መስመር የሚጋሩ ተርባይኖች ባሉበት ማመንጫ ደግሞ የአንዱ በር መከፈት የሌላውን ግፊት ይነካል። እኛ ኤሌክትሪካችን በአብዛኛው ከውኃ የሆነ ሕዝብ ነን። ይህን ማጥናት ቅንጦት ከሆነ፣ ሐኪም ስለ ወባ ማወቁም ቅንጦት ነው።

ስለ ገንዘብና ስለ ላቦራቶሪ እጥረት የጻፉት ግን ሐቅ ነው፤ ዕቃ በሌለበት ቤተ ሙከራ ሮኬት ልናስነሣ አንችልም። ተማሪዬ የሚሠራው በአንድ ያገለገለ ላፕቶፕ ነው። ያን ዕለት ጽሑፉን አስቀምጦ ሞዴሉን እንዲከፍትልኝ ለመንኩት። በሩን በ1 በመቶ ከፈተው፤ አረንጓዴው መስመር ከመውጣቱ በፊት ቁልቁል ወረደ። ወደ እኩልታው ተመልሶ እያንዳንዱን የመደመርና የመቀነስ ምልክት በጣቱ ተከተለ። «መምህር፣ ምልክት ገልብጬ ይሆን እንዴ?» አለኝ። አልገለበጠም ነበር። ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋና በሩን በ2 በመቶ ከፈተው።